ከመጠጥ ጣሳ የድስት ማስቀመጫ መሥራት

አንድ ባዶ የአሉሚኒየም ጣሳ ከ13 እስከ 15 ግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎ ለመሙላት 70 ያህል ጣሳ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሲቀልጥ ደግሞ ሩቡ ገደማ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሒሳብ ሳይይዙ የሚጀምሩ ማኅበራት አንድ ጆንያ ጣሳ ይዘው ምድጃ ያነዳሉ፤ ማታ እጃቸው ላይ የሚቀረው ግን ከጡጫ የማይበልጥ ብረት ነው። ይህ መመሪያ በወር 6 ኪሎ ያህል ጣሳ፣ ማለትም 400 ጣሳ ገደማ፣ መሰብሰብ ለሚችል የሰፈር ቡድን የተዘጋጀ ነው።

ምን ይሠራ፣ ምን አይሠራ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ብረት ድስት ነው። አትሥሩ። ከየቦታው የተለቀመ ቁርጥራጭ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ከራዲያተር፣ ከብየዳ ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ ቀለም ይገባል። ከቀለጠ በኋላ ዓይንም ምላስም አይለየውም። በካሜሩን ከቁርጥራጭ በተሠሩ ድስቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እርሳስ ከድስቱ ወደ ምግብ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ሎሚና ቲማቲም ያለበት ወጥ ለሰዓታት ሲንተከተክ ደግሞ ብረቱን የበለጠ ይበላዋል። ጭልፋና ሳህንም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ናቸው።

የከሰል ምድጃም ከአሉሚኒየም አይሠራም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አየር የሚያገኝ ከሰል ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል።

የሚያዋጡት ምግብ የማይነካቸው ወፍራም ዕቃዎች ናቸው፦ የበር እጀታ፣ የልብስ መስቀያ፣ የመደርደሪያ ድጋፍ፣ ትኩስ ድስት ገበታ ላይ የሚቀመጥበት ማስቀመጫ። እዚህ ማስቀመጫውን ወስደናል። አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል፤ ጥቂት ቢሻክርም ይሸጣል።

መሰብሰብና መለየት

ማግኔት ያዙ። የወተት ዱቄትና የቲማቲም ድልህ ጣሳ ብረት ስለሆነ ይያዛል፤ የአሉሚኒየሙ አይያዝም። ማግኔት የያዘውን ለምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሠሪዎች ተዉላቸው። እነሱ በብየዳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ያደርጉታል፤ የአሉሚኒየሙን ጣሳ ግን ተራው የብየዳ ቆርቆሮ አይዘውም።

የዲዮድራንትና የፀረ ነፍሳት ጣሳ ባዶ ቢመስልም ወደ ምድጃ አይግባ። ይፈነዳል።

እያንዳንዱን ጣሳ ሆዱ ላይ በምስማር ብሱ፤ ገልብጣችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡ፤ ከዚያ ጨፍልቁ። ቅደም ተከተሉ አይቀየር። መጀመሪያ የተጨፈለቀ ጣሳ በእጥፋቱ ውስጥ ውኃ ይዞ ይቀራል፤ ያ ውኃ ከቀለጠ ብረት ሥር ሲገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ወደ ፊት ይረጨዋል። በዚህ ሥራ ሰው ከሚቃጠልባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው።

ከጣሳው ሌላ የተጣለ የሞተር ፒስተን ወይም የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተር ክዳን) ከጋራዥ ፈልጉ። የጣሳው ገላ አንድ በመቶ ያህል ማንጋኒዝና አንድ በመቶ ያህል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ክዳኑ ከ4 በመቶ በላይ ማግኒዚየም አለው። ሁለቱም እንደ ላሜራ ለመሳብ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሲሊከን የላቸውም ለማለት ይቻላል። ቀልጦ ፎርማ ውስጥ የሚገባ አሉሚኒየም እንደ ልብ እንዲፈስና ሲበርድ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ግን ሲሊከን ነው። ፒስተን 12 በመቶ ያህል ሲሊከን አለው። ስድስት እጅ ከጣሳ የወጣ ብረት ከአራት እጅ ፒስተን ጋር ሲቀላቀል 5 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ለማስቀመጫ ይበቃል።

ከጋራዥ የመጣ ነገር ሁሉ ግን አሉሚኒየም አይደለም። አንዳንድ የማርሽ ሳጥንና የዛፍ መቁረጫ ሞተር ሽፋን ማግኒዚየም ነው፤ እሳት ከያዘ በውኃ አይጠፋም፣ ይብሳል። በሞረድ ትንሽ ፍቁና አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉበት። ወዲያው አረፋ ከሠራ ማግኒዚየም ነውና መልሱት።

ምድጃው

ከበርሜል 1 ሜትር ከ35 ርዝመትና 40 ሳንቲ ቁመት ያለው ላሜራ ቁረጡ፤ 42 ሳንቲ ስፋት ባለው ክብ ጠቅልላችሁ በሪቬት ያዙት። ውስጡን በ7 ሳንቲ ጭቃ ስትለብጡት 28 ሳንቲ ክፍት ቦታ ይቀራል። በርሜሉ ምን ሲይዝ እንደነበረ እወቁ፤ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በመጋዝ ሞተር ወይም በእሳት አትቁረጡ።

ለጭቃው አንድ እጅ የሚያጣብቅ ሸክላ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተወቀጠ ገል ውሰዱ። ገሉ ከተሰበረ ጀበናና ምጣድ ይገኛል፤ አንዴ እሳት ያየ ሸክላ ስለሆነ ሲደርቅ አይኮማተርም፣ ጭቃው እንዳይሰነጠቅም ይይዘዋል። ሲሚንቶ አትጨምሩ። ሲሚንቶ ውኃ አምቆ ይይዛል፤ ሲሞቅ እየፈነጠረ ይላቀቃል። ወለሉንም እንዲሁ 7 ሳንቲ ልበጡ።

ከወለሉ ልብጥ በላይ 7 ሳንቲ ከፍ ብላችሁ 4 ሳንቲ ስፋት ያለው የብረት ቱቦ አስገቡ። ቱቦው ወደ መሐል አያነጣጥር፤ አየሩ ግድግዳውን ይዞ እንዲዞር በጎን ይግባ። መሐል ካነጣጠረ ማቅለጫውን በአንድ ጎን ያቀዘቅዘዋል፣ በሌላው ያቃጥለዋል። ከውጭ 60 ሳንቲ ያህል ይትረፍ፤ ጫፉ ላይ የፀጉር ማድረቂያ በቀዝቃዛ አየር ይገጠማል። ማድረቂያውን ስታጠፉ ወዲያው ከቱቦው አላቁት፤ ትኩሱ ጋዝ ተመልሶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መብራት ቢጠፋ ወናፍ አጠገብ ይኑር።

ጭቃው ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ቀጥሎ ሦስት ቀን በየቀኑ ጥቂት እንጨት አንድዱበት፤ በመጀመሪያው ቀን እጅ የሚችለው ሙቀት ብቻ ይሁን። የሚወጡ ቀጫጭን ስንጥቆችን በዚያው ጭቃ ድፈኑ። ክዳኑ መሐሉ 10 ሳንቲ ክብ ቀዳዳ ያለው፣ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው፣ በፌሮ የታሰረ ይሁን።

ማቅለጫው ዕቃ 12 ሳንቲ ስፋት፣ 15 ሳንቲ ቁመት ያለው፣ ግድግዳው ቢያንስ 5 ሚሊ የሆነ፣ ሥሩ በደንብ የተበየደ የብረት ቱቦ ነው። ዚንክ የተቀባ ዕቃ ፈጽሞ አይሁን፤ የዚንክ ጭስ ያሳምማል። የቀለጠ አሉሚኒየም ብረትን ቀስ በቀስ ይበላል፤ የገባው ብረት ደግሞ የሚሠራውን ማስቀመጫ ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማቅለጥ በፊት ውስጡን በቀጭን የኖራ ውኃ ቀብታችሁ አድርቁ። ሥሩን በየጊዜው በመዶሻ ነካ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ፤ ሳስቶ ከሆነ ጣሉት። ገንዘብ ካለ የግራፋይት ማቅለጫ መግዛት ከሁሉ ይሻላል።

አንደኛ ቀን፦ ጣሳውን ወደ ጡብ መለወጥ

ጣሳ ማቅለጥና ዕቃ ማውጣት በአንድ ቀን አይደረግ። ጣሳ ብዙ ቆሻሻ አለው፤ ቆሻሻውን እዚህ ጨርሳችሁ ንጹሕ የአሉሚኒየም ጡብ ካስቀመጣችሁ የሁለተኛው ቀን ሥራ ይቀላል።

ቦታው ሜዳ ይሁን፤ ጣራ ያለው ቤት አይሁን። የጣሳው ቀለምና ውስጠኛ ሽፋኑ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ጎጂ ነው፤ የከሰሉም ጋዝ ይገድላል። ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ። ምድጃው ዙሪያና ብረቱ በሚገለበጥበት ቦታ 5 ሳንቲ ደረቅ አሸዋ አልብሱ፤ ኮንክሪት ላይ የፈሰሰ ብረት ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍልቶ ያፈነጥረዋል። የቆዳ ጓንት፣ ፊት የሚሸፍን መከላከያ፣ የቆዳ ጫማ፣ ጫማውን ከላይ የሚሸፍን የጥጥ ሱሪ ያስፈልጋል። ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ለእሳት ማጥፊያ የደረቅ አሸዋ ባልዲ ብቻ ይኑር፤ የውኃ ባልዲ ከአካባቢው ይራቅ። ዝናብ ካዘለ ሥራው ይደር።

1. ማቅለጫውን 8 ሳንቲ ከፍታ ባለው የሸክላ ጡብ ላይ አስቀምጡ፤ ከሥሩም ከሰል ይኑር። ዙሪያውን በከሰል ሙሉና ለኩሱ። ለአንድ ቀን ሥራ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ከሰል ያዙ። ምድጃው አንዴ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥለው ዙር በግማሽ ጊዜ ይቀልጣልና ጣሳው ሳይጠራቀም አታንድዱ።

2. መጀመሪያ 400 ግራም ወፍራም አሉሚኒየም፣ ለምሳሌ ያለፈው ወር ጡብ ወይም የመስኮት ፍሬም ቁራጭ፣ አቅልጡ። ጣሳን በባዶ ማቅለጫ ማሞቅ ኪሳራ ነው። ግድግዳው አንድ አሥረኛ ሚሊ ያህል ስለሆነ ሳይቀልጥ አየር ይበላዋል። የቀለጠ ብረት ውስጥ ሲጠልቅ ግን አየር አያገኘውም።

3. የተጨፈለቁትን ጣሳዎች ምድጃው ክዳን ላይ አሙቁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በጉጠት ጨምሩና በሞቀ የፌሮ ዘንግ ወደ ታች ድፈቁ። ነበልባል ብልጭ ይላል፤ የሽፋኑ ነው።

4. ማቅለጫው ሦስት አራተኛ ሲሞላ መጨመር አቁሙ። በምጣድ የተቆላ ደረቅ የገበታ ጨው ለአንድ ኪሎ 20 ግራም ጣል አድርጉና በቀስታ አማስሉ። ፖታሲየም ክሎራይድ ከተገኘ እኩል ለእኩል ቀላቅሉት፤ ጨው ለብቻው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው፤ ድብልቁ ግን አሉሚኒየሙ በሚቀልጥበት ሙቀት አካባቢ ይቀልጣል። ጨው ቆሻሻውን ከብረቱ ይለየዋል፤ ቆሻሻው እንደ ሊጥ የነበረው እንደ አመድ ይፈረፈራል።

5. በሞቀ የብረት ማንኪያ ከላይ ያለውን ግራጫ ቆሻሻ ግፈፉ። ከማቅለጫው ጠርዝ ጋር ጨመቅ አድርጉት፤ ሆዱ ውስጥ የያዘው ብረት ይንጠባጠባል።

6. ብረቱን ከወፍራም አንግል በተሠራና ቀድሞ በሞቀ ገንዳ ገልብጡ። የቀዘቀዘ የብረት ገንዳ ደረቅ ቢመስልም በላዩ ጤዛ አለ።

ከ6 ኪሎ ጣሳ 4.5 ኪሎ ገደማ ጡብ ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። ከ3.5 በታች ከሆነ ወይ ጣሳው ከላይ ተንሳፎ ተቃጥሏል፣ ወይ ሙቀቱ በዝቷል።

የሙቀት ነገር ጀማሪን ያታልላል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያሳውቅም፤ በቀን ብርሃን 700 ዲግሪ ላይም ብር መስሎ ይታያል። እስኪቀላ የሚጠብቅ ሰው ከልክ አሳልፎታል። መለኪያ ከሌለ የሞቀ ፌሮ አምስት ሰከንድ ያህል ነክራችሁ አውጡ። ብረት ከተጣበቀበት ገና ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። መለኪያ ካለ ለመገልበጥ ከ700 እስከ 750 ይበቃል።

ሞዴልና አሸዋ

ሞዴሉን፣ ማለትም አሸዋው ውስጥ ቅርጹን ትቶ የሚወጣውን እንጨት፣ ከ8 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ቁረጡ። 20 ሳንቲ ስፋት ያለው ማስቀመጫ ከፈለጋችሁ ሞዴሉ 20.3 ይሁን፤ አሉሚኒየም ሲበርድ በርዝመቱ 1.3 በመቶ ይኮማተራል። ውፍረቱን ከ6 ሚሊ አታሳንሱ። መሐሉን በመስቀል ወይም በጽጌረዳ ቅርጽ ክፈቱት፤ ግማሹ ክፍት ይሁን። ከሥሩ ሦስት እግር፣ እያንዳንዱ 3 ሳንቲ፣ ወደ ጫፉ የሚቀጥን። ለምን አራት አይሆንም? ሦስት እግር ጎርበጥባጣ ገበታ ላይም አይወዛወዝም።

የሁሉም ጠርዝ በየ2 ሳንቲው 1 ሚሊ ያህል ይዘመም፤ አለበለዚያ ሞዴሉ ሲወጣ አሸዋውን ይዞ ይነሳል። እግሩ ከአካሉ የሚገናኝበትን ጥግ በሰም ሙሉና በጣት አክብቡት። ሹል ጥግ ያለበት ቦታ ሲበርድ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡ።

የሚፈልገውን ብረት ለማወቅ ሞዴሉን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በሞላ ባልዲ ውስጥ ድፈቁና የፈሰሰውን ውኃ በሚሊ ሊትር ለኩ፤ በ2.7 ስታባዙት ግራሙ ይመጣል። የእኛ ማስቀመጫ 380 ግራም ገደማ ነው፤ ብረቱ በሚገባበት ማፍሰሻና በትርፍ ብረት ቀዳዳው የሚቀረው ሌላ 350 ይወስዳል። 2 ኪሎ ቅይጥ ስታቀልጡ ሁለት ማስቀመጫ ይወጣና ጥቂት ይተርፋል።

ለ30 በ30 የእንጨት ክፈፍ፣ ሁለት ንብብር፣ እያንዳንዱ 8 ሳንቲ ቁመት፣ 25 ኪሎ ደቃቅ አሸዋ ያስፈልጋል። በጤፍ ወንፊት ንፉት። ለጉድጓድ ቁፋሮ የሚውለውን ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ ዱቄት 2.5 ኪሎ ቀላቅሉ፤ ካልተገኘ ደርቆ የተወቀጠ ሸክላ አፈር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ። በደረቁ አዋህዳችሁ ከ1 እስከ 1.3 ሊትር ውኃ እየረጫችሁ እሹት፤ ላስቲክ አልብሳችሁ አሳድሩት። ነጋ ሲል ጨብጡት፦ የጣት አሻራ ይዞ ከቆመና ለሁለት ስትሰብሩት ሳይፈረፈር ከተሰበረ ልክ ነው። እጅ ካረጠበ ውኃ በዝቶበታል። ለጀማሪ መድረቁ ይሻላል፤ የሚበላሸው ቅርጹ ብቻ ነው። እርጥቡ ግን ብረቱን መልሶ ይተፋዋል።

ሁለተኛ ቀን፦ መገልበጥ

ሞዴሉን ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሰሌዳ ላይ አኑሩ። የታችኛውን ክፈፍ ገልብጣችሁ ክበቡት፤ ደቃቅ የከሰል ዱቄት በጨርቅ ከረጢት ነስንሱ። መጀመሪያ አሸዋውን በወንፊት፣ ከዚያ በእጅ እየጨመራችሁ ጠርዙን አስቀድማችሁ ጠቅጥቁ። አስተካክላችሁ ገልብጡት። አሁን የሞዴሉ ጠፍጣፋ ጀርባ ከላይ ይታያል። እንደገና የከሰል ዱቄት ነስንሱ፣ ሁለተኛውን ክፈፍ ጫኑ። 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው የመጥረጊያ እንጨት ከሞዴሉ 4 ሳንቲ ርቆ ለማፍሰሻ አቁሙ፤ በተቃራኒው በኩል ሞዴሉ ላይ 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሌላ እንጨት፣ ሲረጋ የሚጎድለውን ለሚሞላው ትርፍ ብረት። ሙሉና ጠቅጥቁ፤ እንጨቶቹን ንቀሉ፤ በቀጭን ሽቦ አሥር ያህል ቦታ የአየር መውጫ ብሱ፤ ሽቦው ሞዴሉን ሳይነካ ይቁም።

የላይኛውን ክፈፍ አንሱ። ከማፍሰሻው እስከ ሞዴሉ 2 ሳንቲ ወርድና 7 ሚሊ ጥልቀት ያለው ቦይ በማንኪያ ቅደዱ። በሞዴሉ ላይ ብሎን አጥብቃችሁ ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። የወደቀ አሸዋ በገለባ እየነፋችሁ አጽዱ፤ ክፈፉን መልሳችሁ ሁለት የሸክላ ጡብ ጫኑበት።

1.2 ኪሎ የጣሳ ጡብና 0.8 ኪሎ ፒስተን አቅልጡ፤ ፒስተኑ ውስጥ ያለው የብረት ቀለበትና ፒን ከታች ይቀራልና በጉጠት አውጡት። ልክ ሲደርስ ግፈፉ፤ ወዲያው ገልብጡ። ቀልጦ መቆየቱ ከአየር እርጥበት ሃይድሮጂን እንዲጠጣ ያደርገዋል። ከማፍሰሻው አፍ ሳትርቁ፣ ሳታቋርጡ፣ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ውስጥ ጨርሱ። በትርፉ ቀዳዳ ብረት ብቅ ሲል አቁሙ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው በዘንግ ቆሻሻውን ይገታል። ለ25 ደቂቃ ማንም ክፈፉን አይንካ።

ሲበላሽ

ጫፉ ሳይሞላ ክብ ሆኖ ከቀረ ብረቱ በርዷል ወይም በሁለት ትንፋሽ ተገልብጧል። ሙቀት ከመጨመር በፊት ቦዩን አስፉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ሲሞረድ በየቦታው የመርፌ ራስ የምታክል ክብና የሚያበራ ቀዳዳ ከታየ ሃይድሮጂን ነው፦ እርጥብ ጣሳ፣ እርጥብ ጨው፣ ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት። ቀዳዳው ሸካራ ሆኖ አሸዋ ከያዘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቦዩ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ ብረቱ አሸዋውን እያጠበ ወስዶታል።

እግሩ ሥር ስንጥቅ፦ ጥጉ ሹል ነው፣ ወይም ፒስተኑ አንሷል፣ ወይም ክፈፉ ቶሎ ተከፍቷል። በጣሳ ብረት ብቻ የሞከረ ቡድን ይህን ደጋግሞ ያያል።

ጀርባው ጎድጎድ ካለ አሉሚኒየም ሲረጋ በመጠኑ 6 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ነው። የትርፉን ቀዳዳ ወደ ወፍራሙ ቦታ አቅርቡትና አስፉት።

ብረቱ በማፍሰሻው ተንተክትኮ ከተመለሰ አሸዋው ረጥቧል። አትቀጥሉ፤ የተረፈውን ወደ ሞቀው ገንዳ ገልብጡ።

ማጠናቀቅና ቆሻሻው

ማፍሰሻውን በብረት መጋዝ ቁረጡ፤ ቁራጩ ለሚቀጥለው ወር መነሻ ብረት ነው። ጠርዙን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ሞረዱን ይደፍናል፤ ጥርሱ ላይ ጠመኔ ብትቀቡ ይቀንሳል። ቀለም አያስፈልገውም፤ ትኩስ ድስት ያቃጥለዋል። ከመሸጣችሁ በፊት ውኃ የሞላ ትልቅ ድስት ጫኑበትና እያንዳንዱን እግር በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ፤ የተሰነጠቀ እግር ድምፁ ይደፈናል። ገዢውም ከምን እንደተሠራና ለምግብ ማብሰያ እንደማይውል ይነገረው።

የተገፈፈው ቆሻሻ ውኃ ሲነካው ይሞቃል፤ የሚሸት አሞኒያና ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል፤ ጨውም አለበት። ወንዝ ዳር ወይም አትክልት ሥር አይጣል፤ ክዳን ባለው በርሜልም ታፍኖ አይቀመጥ። በአየር በርዶ በደረቅ ጆንያ ከዝናብ ተጠብቆ ይቆይ። ሲጠራቀም በወንፊት ንፉት፤ ከላይ የሚቀሩት የብረት ፍንጣሪዎች ወደ ማቅለጫ ይመለሳሉ፣ ዱቄቱ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል።